ፒዲቢ፦ ጂን የሚከፍቱ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ የሚያሳይ ነጻ አገልግሎት

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ «ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይቀዳል» የምትለዋን ነገር ያውቃታል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጉበት ሴልና የዓይን ሴል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው፣ እንዴት ነው አንዱ የሚቀዳውን ጂን ሌላው ዞር ብሎ የማያየው? «ይሄኛው ይከፈት፣ ያኛው ይቆይ» የሚለው ማነው? መልሱ ፕሮቲኖች ናቸው። አንድ ሁለትም አይደሉም፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ሆነው አንድ ቦታ ላይ እየመጡ የሚገጣጠሙ ናቸው። መጽሐፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በክብ በክብ ነው የሚሳሉት። አረንጓዴ ክብ፣ ቢጫ ክብ፣ አንድ ቀስት፣ አለቀ። ተማሪው ስማቸውን ይሸመድዳል እንጂ ምን እንደሚሠሩ አያይም።

ስለ ፒዲቢ ልጽፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ሙሉ ስሙ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ይባላል። ተመራማሪዎች በኤክስሬይ፣ በኤንኤምአር (በኃይለኛ ማግኔት) ወይም በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (ናሙናውን እጅግ አቀዝቅዞ በሚያይ) ያገኙትን የፕሮቲን ቅርጽ፣ እያንዳንዱ አተም የት ጋ እንዳለ ጭምር፣ የሚያስቀምጡበት የጋራ ማከማቻ ነው። በ1971 አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲጀመር 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት። አሁን ከ200,000 በላይ ሆነዋል፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ደግሞ አዲስ ይጨመራል። አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን የየራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው፤ ውስጡ ያለው ዳታ ግን አንድ ነው። እኔ እዚህ የምገመግመው አርሲኤስቢ የሚባለውን የአሜሪካውን ነው።

ከዋጋው ልጀምር፤ ነጻ ነው። የእውነት ነጻ። ምዝገባ የለም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ «ለመቀጠል ክፈሉ» የሚል መስኮት ድንገት አይመጣባችሁም። ያወረዳችሁትን ዳታ ለክፍል ማስተማሪያ ለመጠቀም ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ለአንድ የምርምር ጽሑፍ 30 እና 40 ዶላር የሚጠየቅበት ዓለም ውስጥ፣ ከዚያ ጽሑፍ ጀርባ ያለው ዋናው ዳታ እንዲህ ክፍት ሆኖ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ ዩኒቨርሲቲው ጆርናል መግዛት ለማይችል ተማሪ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ ከቁጥርና ከሆሄ የተሠራች ባለ አራት ምልክት መለያ አለው። መለያዋን መፈለጊያው ላይ ትጽፋላችሁ፣ ገጹ ይከፈታል፣ ባለ ሦስት አቅጣጫ የሚለውን ትነካላችሁ። ሞልስታር የሚባለው ማሳያ እዚያው ብራውዘሩ ላይ ይከፈታል። ምንም ሶፍትዌር መጫን የለም። በጣት ወይም በማውስ ታዞሩታላችሁ፣ ታቀርቡታላችሁ፣ አንዷን አሚኖ አሲድ ስትነኩ ስሟንና ቁጥሯን ይነግራችኋል።

ለጀማሪ የምመክረው 1ሲዲደብሊውን ነው (በላቲን 1CDW ብላችሁ ጻፉት)። ቲቢፒ የሚባለው የሰው ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ብዙ ጂኖች፣ ሁሉም ባይሆኑም፣ ቅጂው ከሚጀምርበት ነጥብ 30 የዲኤንኤ ሆሄ (ቤዝ) ያህል ቀደም ብሎ ታታ የምትባል ምልክት አለቻቸው፤ ቲቢፒ የሚይዘው እሷን ነው። አሁን ቅርጹን ከጎን እዩት። ፕሮቲኑ ልክ እንደ ኮርቻ ዲኤንኤው ላይ ፊጥ ብሏል። ዲኤንኤው ግን እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀጥ ያለ መሰላል አይደለም፤ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ተቆልምሟል! አቅርቡትና ኮርቻው ዲኤንኤውን የሚነካባቸውን ሁለት ጫፎች ፈልጉ። ፌኒልአላኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በዲኤንኤው ሆሄዎች መካከል ተሸጉጠው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱ ናቸው ጎንበስ ያደረጉት። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ «ቲቢፒ ከታታ ጋር ይጣበቃል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዳግመኛ መሸምደድ አያስፈልገውም። መቆልመሙ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጡት ፕሮቲኖች የሚገጥሙት በዚህ የታጠፈ ዲኤንኤ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ቀጂ ይመጣል፤ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 2። 1አይ6ኤች (1I6H) ላይ የእርሾው ፖሊመሬዝ ሥራ ላይ እያለ ተይዞ ይታያል። ዲኤንኤው በአንድ በኩል ይገባል፣ መሀል ላይ ይከፈታል፣ አዲሷ አርኤንኤ ከዲኤንኤው ጋር ተጣምዳ ትታያለች። ይህ በ2001 የታተመ የሮጀር ኮርንበርግ ቡድን ሥራ ነው። ኮርንበርግ በ2006 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ሲወስድ የተሸለመበት ምርምር ይኸው ነበር። አባቱ አርተር ኮርንበርግም በ1959 ኖቤል ወስዷል፤ ያውም ዲኤንኤና አርኤንኤ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚገነቡ በመመርመር። ቤተሰቡ ይገርማል።

ፖሊመሬዝ 2 አሥራ ሁለት ክፍሎች ያሉት ግዙፍ ነገር ነው። ያም ሆኖ ጂኑ የት እንደሚጀምር ራሱ አያውቅም! መሪ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የመገጣጠሙ ነገር የሚጀምረው፣ እኔም በዚህ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚሁ ነው። መሪዎቹ ስማቸው በ«ቲኤፍቱ» የሚጀምር አጋዥ ፕሮቲኖች ናቸው። በመማሪያ መጽሐፍ የምናውቀው ቅደም ተከተል እንዲህ ይላል፦ ቲቢፒን የያዘው ቲኤፍቱዲ ታታን ይይዛል፣ ቲኤፍቱኤ ያጠናክረዋል፣ ቲኤፍቱቢ ይመጣና ለፖሊመሬዙ መቀመጫ ያዘጋጃል፣ ፖሊመሬዙ ከቲኤፍቱኤፍ ጋር ይደርሳል፣ ከዚያ ቲኤፍቱኢ፣ በመጨረሻ ቲኤፍቱኤች። ስሞቹ አሰልቺ ናቸው፤ አልዋሽም። ቅርጾቹ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሥራ እንዳለው ታያላችሁ። ቲኤፍቱቢ በአንድ በኩል ፖሊመሬዙን ይዞ በሌላ በኩል ቲቢፒን ይነካል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ እሱ ነው። ቲኤፍቱኤች ውስጥ ደግሞ ኤክስፒቢ የሚባል ሞተር አለ። ይህ ሞተር የሴሉን ነዳጅ ኤቲፒን እያቃጠለ ዲኤንኤውን ወደ ፖሊመሬዙ ይገፋል፤ በዚህ ግፊት ሁለቱ ገመዶች ይለያያሉ። ኤክስፒቢ ሲበላሽ ጣጣው ጂን በመቅዳት ላይ ብቻ አያበቃም። ቲኤፍቱኤች የተጎዳ ዲኤንኤን በመጠገንም ስለሚሠራ፣ ፀሐይ ቆዳቸውን ክፉኛ የሚጎዳው የዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ሕሙማን ከዚህ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሜዲዬተር የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ አለ። በሰው ላይ እስከ 30 የሚደርሱ ፕሮቲኖች አሉት። ሥራው ራቅ ብለው ዲኤንኤ ላይ የተቀመጡት ተቆጣጣሪዎች የሚያመጡትን መልእክት ለፖሊመሬዙ ማድረስ ነው። በ2021 ሜዲዬተርን ጨምሮ የሰው ሙሉ የመነሻ ስብስብ በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከ70 በላይ ፕሮቲኖች በአንድ ላይ ተገጥመው ተገኝተዋል። አንድ ጂን መቅዳት ለመጀመር ብቻ! እነዚህ ቅርጾችም ፒዲቢ ላይ በነጻ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱን ፕሮቲን በተለያየ ቀለም አድርጋችሁ ስታዞሩት ዓይን ይሞላል።

የመቆጣጠሩን ጉዳይ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ላሳይ።

የመጀመሪያው ከባክቴሪያ ነው፤ ላክ ሪፕሬሰር የሚባል ጂን የሚዘጋ ፕሮቲን። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ዣኮብና ሞኖ በ1961 ጂን የሚዘጋ ነገር መኖር አለበት ብለው ሐሳቡን ሲያቀርቡ ፕሮቲኑን ያየው ሰው አልነበረም። ቅርጹ የወጣው በ1996 ነው። አራት ቅጂዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል፤ አንዱ ጥንድ አንድ የዲኤንኤ ቦታ፣ ሌላኛው ጥንድ ሌላ ቦታ መያዝ ይችላል። በመካከላቸው ያለው ዲኤንኤ ተጠማዝዞ ቀለበት ይሠራል። ብቻውን ያለ አንድ ቅጂ ይህን ማድረግ አይችልም። ለምን መገጣጠም እንደሚያስፈልግ ለክፍል ማስረዳት ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ፒ53 ነው፣ መለያው 1ቲዩፒ (1TUP)። ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ላይ ተለውጦ የሚገኘው ፕሮቲን ማለት ነው። ቁጥር 248 ላይ ያለችውን አርጂኒን ፈልጓት። የዲኤንኤው ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ታገኟታላችሁ። 273ኛዋ አርጂኒን ደግሞ የዲኤንኤውን ጀርባ ነክታ ቆማለች። እነዚህ ሁለቱ ካንሰር ላይ በብዛት ከሚለወጡት ቦታዎች መካከል ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ዲኤንኤውን የያዘችው እጅ ስትቆረጥ ፕሮቲኑ ጂኖቹን ማዘዝ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ፣ መናገር አለብኝ። 1ቲዩፒን ስትከፍቱ ሦስት የፒ53 ቅጂዎች ታያላችሁ። ሴል ውስጥ ግን ፒ53 የሚሠራው አራት ሆኖ ነው። ሦስቱ የመጡት፣ በኤክስሬይ ለማየት ፕሮቲኑ ወደ ክሪስታል ሲቀየር እንደዚያ ስለተደረደረ ነው፤ ፒ53 በሚፈልገው ትክክለኛ የዲኤንኤ ምልክት ላይ የተቀመጠውም ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፒዲቢ ላይ ያየነው አደራደር ሁሉ ሴል ውስጥ ያለው ስብስብ ነው ማለት አይደለም። ድረ ገጹ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ ሴል ውስጥ ይኖራል ተብሎ የሚታሰበውን ስብስብ ለብቻ፣ የክሪስታሉን አደራደር ለብቻ እየቀያየሩ ማየት ይቻላል። ችግሩ ይህ ምርጫ ጥግ ላይ በትንሹ የተቀመጠ መሆኑ ነው። ለአዲስ ሰው ፊት ለፊት መታየት ነበረበት።

ሦስተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው። ቫይረስ ሴል ውስጥ ሲገባ ኢንተርፌሮን ቤታ የሚባለው ጂን ይከፈታል። የሚከፍቱት ስምንት ፕሮቲኖች ናቸው፤ 55 ሆሄ ገደማ ባላት ዲኤንኤ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይደረደራሉ። በ2007 የወጣውን ሥራ ስትከፍቱ የምትጠብቁት ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ አጥብቀው ሲያያዙ ማየት ይሆናል። እውነታው ሌላ ነው። እርስ በርስ የሚነካኩት በጣም በጥቂቱ ነው! አንዱ ሲቀመጥ የዲኤንኤውን ቅርጽ ለቀጣዩ ያመቻቻል፤ የሚረዳዱት በአብዛኛው በዲኤንኤው በኩል ነው። ከዚያ ስምንቱም ባንድነት ሌሎች አጋሮችን የሚጠሩበት አንድ ገጽታ ይፈጥራሉ። ከስምንቱ ጥቂቶቹ ብቻ ቢመጡ ጂኑ በወጉ አይከፈትም፤ ሴሉ ለማይረባ ምልክት ሁሉ ማንቂያ እንዳይደውል የሚጠበቀው በዚህ ነው። ይህን በጽሑፍ ብቻ አንብቦ መረዳት ከባድ ነው። ቅርጹን እያዞሩ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አሁን ድክመቱን ልናገር።

ትልቁ ድክመት የአገልግሎቱ ሳይሆን የዳታው ባሕርይ ነው፤ ተጠቃሚው ግን ማወቅ አለበት። ቅርጽ ያልያዘ፣ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ የፕሮቲን ክፍል እዚህ አይታይም። ጂን በመቅዳት ሥራ ላይ ደግሞ ይህ ክፍል ትልቅ ነገር ነው። ፖሊመሬዝ 2 ረጅም ጅራት አለው፤ በሰው ላይ ሰባት አሚኖ አሲድ ያላት ቃል 52 ጊዜ ተደጋግማ የተሠራ። ቲኤፍቱኤች ውስጥ ያለው ሲዲኬ7 የሚባል ፕሮቲን እዚህ ጅራት ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ይህም ፖሊመሬዙ ከመነሻው ተላቆ ጉዞ እንዲጀምር ይረዳል። ቅርጹን ስትከፍቱ ግን ጅራቱ የለም። ባዶ ነው። ብዙዎቹ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ሜዲዬተርን የሚይዙበት ክፍልም እንዲሁ ልቅ ስለሆነ አይታይም። ድረ ገጹ የጎደለውን ክፍል በሰንጠረዥ ያሳያል፤ ሥዕሉ ላይ ግን የለም። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ያ ክፍል ከነጭራሹ እንደሌለ ሊያስብ ይችላል።

ሌላው ጊዜ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ምስል ነው። ሕያው ሴል ውስጥ አብዛኞቹ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ዲኤንኤ ላይ የሚቆዩት ለሴኮንዶች ነው፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሌላ ይተካል። ከ70 በላይ ፕሮቲን ተገጥሞ ስታዩ ለዘላለም እንደዚያ ሆኖ የሚቀመጥ ሕንጻ ይመስላችኋል። አይደለም። ከላይ የዘረዘርኩት ቅደም ተከተልም በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ የተገኘ ነው፤ ሴል ውስጥ ሁልጊዜ በዚያው ተራ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የባለሙያ እንግሊዝኛ። ፍለጋው ላይ ዝም ብላችሁ «ፖሊመሬዝ» ብትሉ የውጤት ናዳ ይወርድባችኋል። የቱ ይሻላል ለሚለው ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ አንግስትሮም (እጅግ ትንሽ የርዝመት መለኪያ) የሚለውን ቁጥር፣ ባነሰ ቁጥር ምስሉ የጠራ ነው። ሁለተኛ ከቀይ እስከ ሰማያዊ ያለውን የጥራት መለኪያ መስመር፣ ወደ ሰማያዊው ያደላው የተሻለ ነው።

ለጀማሪ የሚሆነው ክፍል ፒዲቢ 101 ይባላል፤ እኔ ዋናው ገጽ ላይ ከመግባት በፊት እዚህ ጀምሩ እላለሁ። በየወሩ አንድ ሞለኪውል መርጦ የሚያስረዳ ዓምድ አለው፤ ከ2000 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ዴቪድ ጉድሴል ሲጽፈውና ሥዕሎቹን ሲያዘጋጅለት የኖረ። ቲቢፒም፣ ላክ ሪፕሬሰርም፣ ፒ53ም፣ የኢንተርፌሮኑ ስብስብም እዚያ አሉ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ለሰው የተጻፈ ነው፣ ሥዕሎቹም ውብ ናቸው። በወረቀት ታጥፎ የሚሠራ የዲኤንኤ ሞዴልም አለ፤ ፕሪንተር ያለው ትምህርት ቤት ያለ ኢንተርኔት ሊሠራበት ይችላል።

«አልፋፎልድ ሰርቨር እያለ ለምን ፒዲቢ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አልፋፎልድ ሰርቨር በግንቦት 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተከፈተ ነጻ አገልግሎት ነው፣ ለንግድ ላልሆነ ሥራ። የፕሮቲንና የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ትሰጡታላችሁ፣ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ይገምትላችኋል። ማንም ያላየውን ጥምረት መሞከር ለሚፈልግ ሰው ድንቅ ነው፤ ከጀርባው ያሉት ተመራማሪዎች ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚያው ዓመት ኖቤል መውሰዳቸውም በከንቱ አልነበረም። ግን የጉግል አካውንት ይጠይቃል፣ በቀን የሚሠራላችሁ ብዛት የተወሰነ ነው፣ እንደ ሜዲዬተሩ ስብስብ ያለ ግዙፍ ነገርም አይገባበትም። ከሁሉም በላይ የሚሰጣችሁ ግምት ነው። ብርቱካናማ ሆኖ የወጣው ክፍል እርግጠኛ ያልሆነበት ነው፤ ያንን አይቶ «ቅርጹ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ደግሞ አልፋፎልድ ራሱ የተማረው ከፒዲቢ ነው። በ50 ዓመት ውስጥ በብዙ ሺህ ሰዎች የተጠራቀመው ዳታ ባይኖር ኖሮ እሱም ባልኖረ ነበር። ስለዚህ የታወቀውን ለማየት ፒዲቢ፣ ያልታወቀውን ለመገመት አልፋፎልድ። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ለተማሪ ግን መጀመሪያ ፒዲቢን ነው የማሳየው።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለአዲስ ሰው መንገዱን ስለማያሳጥር ነው። ቲቢፒ ብቻውን፣ ከዚያ ቲኤፍቱቢ ሲጨመር፣ ከዚያ ፖሊመሬዙ ሲመጣ፣ እስከ ሜዲዬተር ድረስ በተራ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢኖር፣ መለያ ቁጥር እያሳደድን ራሳችን ባልሰበሰብነው ነበር።

በስልክ ለምትጠቀሙ፦ እንደ 1ሲዲደብሊውና 1ቲዩፒ ያሉት ትንንሾቹ በቀላሉ ይከፈታሉ። ከ70 በላይ ፕሮቲን ያለው ስብስብ ግን ብዙ ሜሞሪና ዳታ ይፈልጋል፣ አቅሙ አነስ ያለ ስልክን ያንገታግታል። እሱን ላፕቶፕና ዋይፋይ ስታገኙ ክፈቱት። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ከሆነ ቀድማችሁ ከሞልስታር ላይ ምስሉን አንሱና አስቀምጡ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ትምህርቱ አይቆምም።